በመንጠቆ ላይ የሚታሰር ጠጕርና የእጅ ሥራ ዋጋ

ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የዕቃ ዋጋ በክብደቱና በግዝፈቱ ብቻ አይለካም። በሚዛን ላይ ብትቀመጥ ልብ የማትባል ትንሽ ነገር፣ የሠለጠነ እጅ ከነካት፣ ባሕር ተሻግራ በደርዘን ትሸጣለች። ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካና በአውሮፓ ትራውትና ሳልሞን የተባሉት ዓሣዎች የሚጠመዱበት፣ ከእንስሳ ጠጕር የሚሠራው ማጥመጃ ነው።

የሞያው ሰዎች ይህን ማጥመጃ «ዝንብ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ጥንት አጥማጆች በውኃ ላይ የሚያርፉትን ነፍሳት በላባና በክር አስመስለው ይሠሩ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ የምንናገርለት ዓይነት ግን ዝንብን ሳይሆን ትንንሽ ዓሣን የሚመስል ነው። ትልቁ ትራውት ትንንሾቹን ዓሣዎች አሳድዶ ስለሚበላ፣ በውኃው ውስጥ የሚጐተተውን ጠጕር ምግብ መስሎት ይነክሰዋል። የአትላንቲክ ሳልሞን ደግሞ ከባሕር ወደ ተወለደበት ወንዝ ሲመለስ መብላቱን ቢያቆምም፣ በፊቱ የሚያልፈውን ማጥመጃ መንከሱን አይተውም።

በዚህ ሥራ ስማቸው ከተጠራው መካከል በአሜሪካ የሜይን ተወላጅ የሆኑት ወይዘሮ ኬሪ ስቲቨንስ ይገኙበታል። ወይዘሮዋ የሴቶች ባርኔጣ ሠሪ ስለ ነበሩ ላባና ክር ለእጃቸው እንግዳ አልነበረም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1924 ዓ.ም. ሐምሌ 1 ቀን፣ አፐር ዳም በተባለው ስፍራ ራሳቸው ባሰሩት ማጥመጃ 3 ኪሎ ያህል የሚመዝን ትራውት ያዙ፤ በ«ፊልድ ኤንድ ስትሪም» መጽሔት ውድድርም ሁለተኛ ሽልማት አገኙ። ከዚያ በኋላ ትእዛዝ በብዛት ስለ መጣላቸው ሥራውን ንግድ አደረጉት። «ግሬይ ጎስት» የተባለው ዕውቅ ሥራቸው ክንፉ ከላባ፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ከነጭ የአጋዘን ጭራ ጠጕር ነው። በየማጥመጃው ራስ ላይ ቀለሙ የተለየ የክር ቀለበት ያኖሩ ነበርና፣ ገዢው ያንን አይቶ የማን እጅ እንደ ሠራው ያውቅ ነበር። የንግድ ምልክት ማለት ይኸው ነው።

ክንፉ ከጠጕር ብቻ የሚሠራው ዓይነት የራሱ ጥቅም አለው። ላባ በዓሣ ጥርስ ቶሎ ይበጣጠሳል፤ ጠጕር ግን ብዙ ንክሻ ይችላል። በወራጅ ውኃ ውስጥም እየተዘረጋና እየተሰበሰበ ሕይወት ያለው ይመስላል። ከዚህ ወገን የታወቀው «ሚኪ ፊን» የተባለው ነው። ጆን አልደን ናይት የተባሉ ጸሐፊ በ1937 በአንድ የአደንና የዓሣ ማጥመድ መጽሔት ላይ ስለዚሁ ማጥመጃ ከጻፉ በኋላ ፈላጊው እጅግ በዛ። ደኅና ዕቃ ጥሩ አስተዋዋቂ ሲያገኝ እንዲህ ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ግንዱ ረዘም ያለ መንጠቆ በትንሽ ሞርሳ ይያዛል። ግንዱ በክር ከተሸፈነ በኋላ ብርማ ጥብጣብ ይጠመጠምበታል፤ በላዩም ብርማ ድቡልቡል ክር እየተራራቀ ይዞርበታል። ከዚያም ቀለም ከተነከረው የአጋዘን ጭራ በመጀመሪያ ጥቂት ቢጫ ጠጕር፣ በላዩ ያንኑ ያህል ቀይ፣ ከሁሉ በላይ የሁለቱን ድምር የሚያህል ቢጫ ይታሰራል። ከመታሰሩ በፊት ግን ለስላሳው የውስጥ ጠጕር በማበጠሪያ ይወጣል፤ ጫፎቹም ይስተካከላሉ። የጠጕሩ ርዝመት ከመንጠቆው ቆልማማ ጥቂት ያልፋል። በመጨረሻ ራሱ በጥቁር ክር ተጠቅልሎ ቬርኒሽ ይቀባል።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ጠጕር በማብዛት ነው። የበዛ ጠጕር በውኃ ውስጥ እንደ መጥረጊያ ይገተራል፤ የሳሳው ግን ይተነፍሳል። በጭራው ሥር ያለው ጠጕር ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ ክሩ ሲጠብቅበት ይበተናል፤ ስለዚህ ለክንፍ የሚመረጠው ወደ ጫፉ ያለው ነው። ደንበኛ ዕቃውን ሲመረምር ራሱ ትንሽና የጠነከረ፣ የመንጠቆው ቀዳዳ ከቬርኒሽ የጸዳ፣ ጠጕሩም ሲሳብ የማይነቀል መሆኑን ያያል። ከሁሉ በላይ ግን አሥራ ሁለተኛው ልክ እንደ መጀመሪያው እንዲሆን ይፈልጋል። ናሙናው አምሮ ጭነቱ የተለየ እንደ ሆነ ደንበኛው ሁለተኛ አይመለስም።

ወረቀትም ሊዘነጋ አይገባም። ቀድሞ የዋልታ ድብ ጠጕር ስለሚያንጸባርቅ ለክንፍ እጅግ ይወደድ ነበር፤ አሜሪካ በ1972 ባወጣችው የባሕር አጥቢዎች ጥበቃ ሕግና በ1973 በተፈረመው የዱር እንስሳትና ዕፀዋት የንግድ ውል ምክንያት ንግዱ ጠበበ። የእንስሳ ውጤት የሚልክ ሁሉ የእንስሳውን ዓይነትና የጤናውን ማረጋገጫ አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት።

ይህ ነገር እኛን ምን ያገባናል የሚል ቢኖር፣ ጐረቤታችንን ኬንያን ይመልከት። በዚያ አገር ሠራተኞች በእጃቸው የሚያስሯቸው እነዚሁ «ዝንቦች» ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይላካሉ። ከውጭ የገባው መንጠቆ በሰው እጅ ዋጋው አድጎ ተመልሶ ይወጣል ማለት ነው። በእኛም አገር በባሌ ተራሮች ወንዞች ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት ይገኛል፤ ስለዚህ ማጥመጃውን ለመሞከር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ጠጕሩም ቢሆን ከእኛ የራቀ አይደለም። ከአጋዘን ጭራ ሌላ የጥጃ ጭራ ጠጕር ለዚሁ ሥራ ይፈለጋል፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቀለም ተነክሮ በማጥመጃ ዕቃ መደብሮች በቁራጭ ይሸጣል። ነጋዴዎቻችን ስለ ቆዳው ስፋትና ስለ ጉድለቱ ሲከራከሩ፣ ስለ ጭራው የሚያነሣ ግን እምብዛም አይሰማም። በአገራችን ሽማግሌው ዝንብ የሚከላከልበትን ጭራ ከፈረስ ጠጕር አሳምሮ ማሰር የቆየ ጥበብ ነው፤ ዝንብ ማባረሪያ ያሰረ እጅ ዝንብ ማሰር አያቅተውም።

ስለዚህ በቆዳና በከብት ንግድ ላይ የተሰማሩ ክቡራን ነጋዴዎች፣ ጥቂት የታጠበና የደረቀ ጭራ በናሙና አዘጋጅተው የውጭ ገዢዎችን ቢጠይቁ ወጪው አነስተኛ ነው። ማጥመጃውን ራሱን ለመሥራት የሚያስብ ካለ ደግሞ በትልቅ ትእዛዝ አይጀምር፤ አንድ ዓይነት መርጦ፣ ሁሉም እኩል የሆኑ አሥራ ሁለት «ዝንቦች» አስሮ ለገዢ ያሳይ። ገበያው የሚከፈተው በዚያ አንድ ደርዘን ነው።