የሃርድ ዲስክ ሙቀትና ዕድሜ፤ የነጋዴው ገንዘብ ማቀዝቀዣ ላይ ይዋል ወይስ ሁለተኛ ቅጂ ላይ?

የሽያጭ መዝገብ፣ የዱቤ ዝርዝርና የጉምሩክ ሰነድ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ከዞረ ወዲህ አነስተኛ ሰርቨር ገዝተው በመኖሪያ ቤታቸው የሚያስቀምጡ ነጋዴዎች አሉ። ዓላማው የመደብሩ ኮምፒዩተር ቢሰረቅ ወይም ቢበላሽ የሰነዱ ቅጂ በቤት እንዲገኝ ነው። ሰርቨሩ ለብዙ ዓመት የሚገዛ ቢሆንም፣ በውስጡ ያሉት ሃርድ ዲስኮች እንደ መኪና ጎማ የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው። የጎማው ማለቅ በዓይን ይታያል፤ የዲስኩ ግን አይታይም። በመሆኑም ዲስኩን ዕድሜ የሚያሳጥረው ምን እንደሆነ ማወቅ ገንዘቡ የት መዋል እንዳለበት ለመወሰን ይረዳል።

ሙቀት ምን ያህል ይጎዳል?

በጥገና ባለሙያዎች ዘንድ የኖረው አባባል ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የጉግል ባለሙያዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ያወጡት ጥናት ግን ይህን አባባል ለሃርድ ዲስክ እንዳለ መቀበል እንደማይቻል አሳየ። በመካከለኛ ሙቀት ላይ የሚሠሩ ዲስኮች ከቀዝቃዞቹ የበለጠ ሲበላሹ አልተገኙም። እንዲያውም በጣም የቀዘቀዙት የባሰ ውጤት አሳይተዋል። ሙቀት ጉዳቱ ጎልቶ የታየው በጣም ከፍ ሲልና ዲስኩ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው።

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረቡት ጥናት፣ በዲስክ ላይ ከሚከሰቱ የንባብ ስህተቶች ጋር ይበልጥ የተያያዘው ከአማካዩ ሙቀት ይልቅ የሙቀቱ መዋዠቅ መሆኑን ገልጸዋል። ቀን እየተግለበለበ ሌሊት የሚበርድ ዲስክ፣ ሁልጊዜ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሚሠራው የበለጠ ሊያሰጋ ይችላል ማለት ነው።

አብዛኞቹ አምራቾች የሚፈቅዱት የሥራ ሙቀት ጣሪያ 60 ዲግሪ ሲሆን 65 የሚፈቅዱም አሉ። ለቤት ሰርቨር ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ተስማሚ ነው። 50 ሲደርስ የአየር መተላለፊያውን መመርመር፣ ከ55 ሲያልፍ ሥራ ማቆም ይመከራል።

የከፍታው ነገር

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ስለሚቀንስ ሙቀቱን የማስወገድ አቅሙም ይቀንሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ ይህን ጉድለት ያካክሳል፤ ሆኖም ሰርቨሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተዘጋበት ጥቅሙ ይቀራል። ሰመራን በመሰለ ቆላ ከተማ ችግሩ የአካባቢው ሙቀት ራሱ ነው።

የተለመደው ሃርድ ዲስክ በውስጡ አየር አለው፤ ማንበቢያው ራስም ከዲስኩ ገጽ በጥቂት ናኖሜትር ከፍ ብሎ የሚንሳፈፈው በዚሁ አየር ላይ ነው። ስለሆነም ብዙ አምራቾች ለእነዚህ ዲስኮች የሚሰጡት የከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ነው። ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ከጣሪያው ብዙም አትርቅም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለገበያ የቀረቡት ሂሊየም የተሞሉ ዲስኮች የታሸጉ በመሆናቸው ማንበቢያው ራስ በውጭው አየር መሳሳት አይቸገርም፤ ኃይልም ይቆጥባሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው።

ዲስኩን ለማሳረፍ ሲባል

ዲስኩ እንዲያርፍ በየደቂቃው እንዲቆም ማድረግ ቁጠባ ይመስላል። ዲስኩ በተነሳ ቁጥር ግን ሞተሩ ከፍተኛ ኃይል ይስባል፤ ሙቀቱም ወጣ ገባ ይላል። ማንበቢያው ራስ ወደ ማረፊያው የሚመላለስበት ብዛትም ገደብ አለው፤ ለብዙ ዲስኮች የተሰጠው 600,000 ጊዜ ነው። በሰዓት 100 ጊዜ የሚመላለስ ራስ ይህን ገደብ በ250 ቀናት ይጨርሳል። ሌሊት ብቻ ቅጂ የሚወስድ ሰርቨር በቀን አንድ ጊዜ ተነስቶ አንድ ጊዜ ቢቆም ይበቃዋል።

መብራት ድንገት ሲጠፋም በመጻፍ ላይ ያለ ሰነድ ይበላሻል። መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል መዋዠቅ ደግሞ ዲስኩን ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲዘጋ የሚያዝ አነስተኛ ዩ.ፒ.ኤስ. ከውድ ማቀዝቀዣ በፊት ሊገዛ የሚገባው ነው።

የአምራቹ ቁጥርና እውነታው

በዲስክ መግለጫ ላይ በአማካይ 1,000,000 ሰዓት ያለ ብልሽት ይሠራል የሚል ቁጥር ይጻፋል። ሲሰላ 114 ዓመት ይሆናል። ይህ የአንድ ዲስክ ዕድሜ አይደለም፤ ከብዙ ዲስኮች በዓመት ከ1 በመቶ ያነሱት ይበላሻሉ የሚል ግምት ነው። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ግን በሥራ ላይ ካሉ ዲስኮች በዓመት ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆኑት መተካታቸው የተለመደ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 13 በመቶ ደርሷል።

ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበው ስማርት የተባለ ሥርዓት አለ። የጉግል ጥናት እንዳመለከተው በፍተሻ የመጀመሪያ ስህተት የተገኘበት ዲስክ፣ ስህተት ካልተገኘበት ይልቅ በ60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ 39 እጥፍ ነው። እንዲህ ያለውን ዲስክ ወዲያው መቀየር ያዋጣል። በአንጻሩ ከተበላሹት ዲስኮች ከ36 በመቶ በላይ የሆኑት፣ ሙቀት ሳይቆጠር፣ ምንም ዓይነት ምልክት አላሳዩም። ስማርት ዝም አለ ማለት ዲስኩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

በአንድ ሰርቨር ውስጥ ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ሰነድ መያዛቸውም ሙሉ ዋስትና አይሆንም። በስህተት የተሰረዘ ሰነድ ከሁለቱም ይጠፋል፤ ሌባ ሰርቨሩን ሲወስድ ሁለቱም ይሄዳሉ።

በዚህ መሠረት የወጪው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ ከቤት ውጭ በሌላ ቦታ የሚቀመጥ ተጨማሪ ዲስክ ይገዛል። ቀጥሎ ዩ.ፒ.ኤስ.፣ ከዚያም 12 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ተራ ማራገቢያ ይከተላሉ። በዲስኮቹ መካከል ክፍተት መተውና አቧራውን በየጊዜው መጥረግ ወጪ የለውም። በወር አንድ ጊዜም ከቅጂው ላይ የአንድ ቀን የሽያጭ መዝገብ አውጥቶ ከደረሰኙ ጋር ማመሳከር ቅጂው በእርግጥ የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጣል።