ሰማዩ ሲጠራ ማዕበሉ ሊተኛ ይችላል፦ እውነት ወይስ ተረት?

ገንዘብ አጠራቅሞ፣ የዓመት ፈቃድ ወስዶ፣ ለሰርፊንግ፣ በማዕበል ላይ በሰሌዳ ለመንሸራተት ብሎ ውቅያኖስ አቋርጦ የሄደ ሰው ባሕሩን እንደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ረግቶ ቢያገኘው ያሳዝናል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ሰርፍ ቦርድ ይዞ የማያውቅ ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ማዕበል ፊት ሲቆም ነው። ሁለቱንም የሚያመጣው ስለ ሐሩር ደሴቶች ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው የተሳሳተ ወሬ ነው።

ተረት፦ ለሽርሽር ጥሩ የሆነው ወር ለሰርፊንግም ጥሩ ነው።

ማልዲቭስን እንውሰድ። ሆቴሎቹ ዋጋ የሚሰቅሉት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ነው። በአገሬው ቋንቋ ኢሩቫይ የሚባለው ደረቅ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚነፍሰው፣ ሰማዩ የሚጠራው፣ ውሃውም ለጥ የሚለው ያኔ ነው። ለጫጉላ ሽርሽር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ማዕበሉ የሚበረታው ግን ሁልሃንጉ በሚባለው ዝናባማ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ወቅት ነው፤ በተለይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ እኛ ጋ ክረምቱ በሚከብድበት ሰሞን። ዝናብ ፈርቶ በጥር የሄደ ሰርፈር የሄደበትን ነገር ሳያገኝ ሊመለስ ይችላል።

ተረት፦ ማዕበሉን የሚያመጣው ደሴቱ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ነው።

የስሕተቶቹ ሁሉ ሥር ይህ ነው። ሐይቅ መሐል ድንጋይ ሲወረወር፣ ሞገዱ ዳር የሚደርሰው ድንጋዩ ከሰመጠ በኋላ ነው። ውቅያኖስም እንዲሁ ነው። በአንታርክቲካ ዙሪያ ባለው ባሕር፣ በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ክረምት፣ ብርቱ ወጀብ በተከታታይ ይነሣል። ነፋሱ በበረታ፣ ብዙ ሰዓት በነፈሰና ሰፊ ውሃ ባካለለ መጠን ሞገዱ ኃይል ያጠራቅማል፤ ከዚያም ወጀቡን ወደ ኋላ ትቶ ብቻውን ይጓዛል። የውቅያኖስ ተመራማሪው ዋልተር ሙንክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ የመለኪያ ጣቢያዎች ዘርግተው ይህንኑ ጉዞ ተከታተሉት። በሩቁ ደቡብ የተወለደ ሞገድ ፓስፊክን አቋርጦ፣ ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ አላስካ ሲደርስ መዘገቡ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆመን የምናየው ማዕበል የተወለደው በረዶ አገር ነው።

የደሴቱ ነፋስ ሥራው ሌላ ነው። ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ የመጣውን ማዕበል ፊቱን ደግፎ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ከባሕር ወደ የብስ ሲነፍስ ደግሞ ቅርጹን ያበላሸዋል።

ተረት፦ አንድ ደሴት አንድ የማዕበል ወቅት አለው።

ባሊ ይህን ያፈርሰዋል። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት የሚነፍሰው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ በምዕራቡ ዳርቻ፣ በኡሉዋቱና በቻንጉ፣ ከየብስ ወደ ባሕር ይወጣል። ኅዳር ገብቶ ነፋሱ ከምዕራብ ሲዞር እነዚያ ቦታዎች ይበላሹና ተራው የምሥራቁ የኬራማስ ይሆናል። በስሪላንካም አሩጋም ቤይ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ያገለግላል፤ ሂካዱዋና ወሊጋማ በቀሩት ወራት ይረከባሉ። የሃዋዩ ኦዋሁ ልዩነቱ የከፋ ነው፤ በጥር ግድግዳ የሚያክል ማዕበል የሚነሣበት ሰሜናዊው የዋይሜያ ባሕረ ሰላጤ በሐምሌ ሰዎች ተረጋግተው የሚዋኙበት ይሆናል፤ በዚያው ሐምሌ ደቡብ ዳርቻ ያለችው ዋይኪኪ ሞገድ ታገኛለች። እንግዲህ «መቼ ልሂድ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ «ወደ የትኛው ዳርቻ?» የሚል ጥያቄ ነው።

ተረት፦ ከትንበያው የማዕበሉን ቁመት ማየት ይበቃል።

አይበቃም። በአንድ ሞገድና በተከታዩ መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለም እዩ። ቁመታቸው እኩል 1.5 ሜትር ቢሆንም፣ በየ16 ሰከንዱ የሚመጣው በየ8 ሰከንዱ ከሚመጣው እጥፍ ኃይል ተሸክሟል። የ16 ሰከንዱ በጥልቅ ባሕር በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በቀን ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ወጀቡ ሩቅ ከሆነ የማዕበሉን መምጣት ከቀናት በፊት ማወቅ የሚቻለውም ለዚህ ነው።

ተረት፦ ምርጡ ወቅት ለሁሉም ምርጥ ነው።

ይህኛው ሕይወት ያስከፍላል። በየመጽሔቱ «ከፍተኛው ወቅት» የሚባለው ለልምድ ባለቤቶች የተነገረ ነው፤ ብዙዎቹ ስመ ጥር ቦታዎች ደግሞ ወለላቸው ስለታም ኮራል ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ እባካችሁ ወለሉ አሸዋ የሆነውን ወሊጋማን ምረጡ፤ አለዚያም ታላቁ ወቅት ሊጀምር ሲል ወይም ሲያበቃ ሂዱ።

ተረት፦ በወቅቱ ከሄድኩ ማዕበል አላጣም።

በዋይሜያ የነፍስ አድን ሠራተኛ በነበረው በኤዲ አይካው ስም የሚካሄደው ውድድር፣ የማዕበሉ ፊት 12 ሜትር ገደማ ካልደረሰ አይጀመርም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ባሉት አርባ ዓመታት የተካሄደው ወደ አሥር ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ ያውም በየዓመቱ የሃዋይን ክረምት ሙሉ እየተጠበቀ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2016 ይካሄዳል ተብሎ ታውጆ ተወዳዳሪዎቹ ተሰበሰቡ፤ ማዕበሉ የተባለውን ያህል ሳይሆን ቀረና ተሰረዘ። ከ15 ቀን በኋላ ግን ማዕበሉ መጣ፤ ውድድሩም ከ2009 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። የዓለም ምርጥ ተንባዮች ከጎናቸው ያሉ ሰዎች ሁለት ሳምንት ከጠበቁ፣ ለጉዞው አምስት ቀን ብቻ የያዘ ሰው ቲኬቱን ከመቁረጡ በፊት የፈቃዱን ቀናት እንደገና ቢቆጥር ይሻለዋል።