አጥንት ቆጠራ፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ገበሬ ቤተሰብ በኑዛዜና በቀብር ማስረጃ ሲፈለግ

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ አብነት አካባቢ የሚኖር አንድ ጎልማሳ የዘር ሐረጉን እንዲቆጥር ቢጠየቅ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ሳይቸገር ይናገራል። በመታወቂያው ላይ የሰፈረውም እስከዚያው ድረስ ነው። ቅድመ አያቱ ማን እንደነበሩ፣ የት ያርሱ እንደነበርና በየትኛው ደብር እንደተቀበሩ ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙውን ጊዜ "ከጎጃም መጡ ሲባል ሰምቻለሁ" ወይም "ከመንዝ ናቸው ይባላል" ከማለት አያልፍም።

ጥያቄው ለዛሬው የከተማ ነዋሪ የማወቅ ጉጉት ብቻ ሊመስል ይችላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለኖረው የሰሜን ኢትዮጵያ ገበሬ ግን የእንጀራ ጥያቄ ነበር። በርስት ሥርዓት አንድ ገበሬ መሬት የሚያገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን ቆጥሮ ሲያስረዳ ነው። "ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ" የሚለው አባባልም የመጣው ከዚሁ ነው። ትውልዱን መቁጠር የተሳነው ሰው የሚያርሰውን ማሳ ቆጥሮ በመጣ ሌላ ተወላጅ ሊነጠቅ ይችል ነበር።

በጎጃም ደጋ ዳሞት የርስት ሥርዓትን ያጠኑትና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 መጽሐፍ ያሳተሙት አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን፣ ትውልድ የሚቆጠረው በአባትም በእናትም በኩል እንደነበር ያስረዳሉ። በመሆኑም አንድ ገበሬ በበርካታ ዋና አባቶች ስም ርስት ሊጠይቅ ይችላል። መሬቱ ግን ለጠያቂው ሁሉ አይበቃም። ክርክሩን የሚረታው ሐረጉን ሳያዛንፍ የሚቆጥር፣ የሚመሰክሩለት ሽማግሌዎች ያሉትና ሙግቱን የሚችል ሰው ነው።

ትውልድ እንዲቆጠር የሚያስገድድ ሌላም ምክንያት ነበር። በባህሉ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የተዛመዱ ሰዎች እንዳይጋቡ ስለሚከለከል፣ ሽማግሌዎች ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት የሁለቱንም ወገን ዘር ይመረምራሉ። አማርኛ ከአያትና ከቅድመ አያት አልፎ ምንዥላት፣ እንጅላት፣ ፍናጅና ቅናጅ እያለ ለየትውልዱ ስም ማውጣቱ ቆጠራው ምን ያህል የዕለት ተዕለት ጉዳይ እንደነበር ያሳያል።

በሌሎች አገሮች ይህን ሥራ የሚሠራው ወረቀት ነው። በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲያሰፍሩ የታዘዙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1538 ነው። መንግሥት ራሱ የልደትና የሞት ምዝገባ የጀመረው በ1837 ሲሆን፣ ኑዛዜዎች በአንድ አገር አቀፍ መዝገብ መያዝ የጀመሩት በ1858 ነው። በዚህ ምክንያት አንድ እንግሊዛዊ ገበሬ የነበሩ ቅድመ አያቱን ከመዝገብ ቤት ወንበር ሳይነሳ ሊያገኝ ይችላል።

በኢትዮጵያ የዚህ ዓይነት ተከታታይ የቀብር መዝገብ አልነበረም። ይህ ማለት ግን ማስረጃ የለም ማለት አይደለም። ማስረጃው ያለው በሌላ ቦታና በሌላ መልክ ነው።

ከማስረጃዎቹ ቀዳሚው ኑዛዜ ነው። የታመመ ገበሬ መዳኑን ሲጠራጠር የነፍስ አባቱን፣ ሽማግሌዎችንና ዘመዶቹን ያስጠራል። በእነርሱ ፊት መሬቱንና ከብቱን ለልጆቹ ያከፋፍላል፤ ያለበትን ዕዳና ያበደረውን ይናገራል፤ ለተዝካሩ የሚሆነውንም ይለያል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የሚደነግጉ አንቀጾች ስላሉት ሥርዓቱ የሃይማኖትም የሕግም መሠረት ነበረው። የአብዛኛው ገበሬ ኑዛዜ በቃል የሚሰጥ ሲሆን ጠባቂዎቹም የሰሙት እማኞች ነበሩ።

በጽሑፍ የሰፈረው ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው በቤተክርስቲያን ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ነው። የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ የውርስ ክፍፍልና ኑዛዜ በወንጌል ወይም በሌላ የብራና መጽሐፍ ህዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ለዚህ ተግባር የሚመረጠው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የደብሩ የወርቅ ወንጌል ነው። መጽሐፉ በዕቃ ቤት በጥንቃቄ ይጠበቃል፤ ጽሑፉን በሚፍቅ ወይም ቃሉን በሚያፈርስ ላይም ግዝት ይጻፋል። በዚህ መንገድ ቤተክርስቲያን ለአካባቢው ሕዝብ የውል ማስረጃ መዝገብ ቤት ሆና አገልግላለች።

የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ በተለይ በጎንደርና በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት የተገኙ እነዚህን ሰነዶች ለረጅም ዓመታት አጥንተው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 በኢትዮጵያ የመሬትና የማኅበረሰብ ታሪክ ላይ ያተኮረ መጽሐፍ አሳትመዋል። ከዚያ ቀደም ብለው ባወጡት ጥናትም በጎንደር ዘመን ሴቶች መሬት ሲወርሱ፣ ሲሸጡና ሲያወርሱ በሰነዶቹ እንደሚታይ አመልክተዋል።

ይህ ለፈላጊው ትልቅ ጥቅም አለው። ኢትዮጵያዊት ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። በእንግሊዝ መዝገብ አንዲት ሴት ካገባች በኋላ በባሏ የቤተሰብ ስም ስለምትጠራ የትውልድ ቤቷ ይሰወራል። በብራናው ህዳግ ላይ ግን ወይዘሮዋ የአባቷን ስም እንደያዘች ስለምትገኝ፣ በእናት በኩል ያለው ሐረግ እንደ አባቱ ሁሉ ሊከተሉት ይቻላል።

በሌላ በኩል ሰነዶቹ በብዛት የሚናገሩት ስለ መኳንንት፣ ስለ ካህናትና ስለ ባለጉልቶች ነው። ገበሬው በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ብቅ የሚለው እንደ ዋና ባለጉዳይ ሳይሆን እንደ መሬት ሻጭ፣ እንደ አዋሳኝ ወይም እንደ እማኝ ሆኖ ነው። ስለዚህ የገበሬ ቤተሰብ የሚፈልግ ሰው የኑዛዜውን ባለቤት ብቻ አንብቦ መተው የለበትም። ከጽሑፉ መጨረሻ የተደረደሩት የእማኞች ስሞች ለእርሱ ከሁሉም ይበልጣሉ።

ስሙን ማግኘት ብቻውን በቂ አይደለም። አንድ ሰው በመንደሩ በዓለማዊ ስሙ ሲጠራ ቤተክርስቲያን የምታውቀው በክርስትና ስሙ ነው። ፍትሐቱም ተዝካሩም የሚደረገው በዚሁ ስም ነው። በአንድ ደብር ውስጥ በርካታ ገብረ ሥላሴዎችና ወለተ ማርያሞች ሊኖሩ ይችላሉ። በስተርጅና የመነኮሰ ሰው ደግሞ ሌላ ስም ይጨምራል። ስለሆነም በሦስት ስም የተጻፉት ሦስት ሰዎች አንድ ገበሬ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

ዘመኑን መለየትም የራሱ ስሌት አለው። ብዙ ሰነዶች ዓመተ ምህረት አይጽፉም፤ በዘመነ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ ወይም ዮሐንስ ብለው የነገሠውን ንጉሥና የተሾመውን ጳጳስ ይጠራሉ። ለምሳሌ አንድ ጽሑፍ "አጼ ቴዎድሮስ ነግሠው ሳለ በዘመነ ሉቃስ" ቢል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከየካቲት 1847 እስከ ሚያዝያ 1860 ዓመተ ምህረት ስለነገሡ የሚሆነው 1847፣ 1851፣ 1855 ወይም 1859 ነው። ከአራቱ አንዱን ለመለየት በጽሑፉ የተጠቀሱት የደብሩ አለቃ ወይም ገበዝ በሌላ ዘመኑ በታወቀ ሰነድ ላይ ይፈለጋሉ።

የቀብሩ ማስረጃ ከኑዛዜውም የሳሳ ነው። ገበሬው የሚቀበረው በደብሩ ቅጽር ግቢ ሲሆን በመቃብሩ ላይ ድንጋይ ቢከመርም ስም አይጻፍበትም። ይሁንና ቦታው ራሱ ይናገራል። ወላጆቹ የተቀበሩበት ደብር አንድ ቤተሰብ የአካባቢው ተወላጅ ለመሆኑ ምልክት ነው። የትውልድ ቆጠራ "አጥንት ቆጠራ" መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ለአርባ፣ ለሰማንያና ለሙት ዓመት የሚደረገው ተዝካርም የሟቹን ስምና የሞተበትን ወቅት በዘመድና በካህናት ዘንድ እንዲታወስ ያደርጋል።

ሐረጉ የሚበጠስበት ዘመንም አለ። ከ1880 እስከ 1884 ዓመተ ምህረት ገደማ የዘለቀውና "ክፉ ቀን" እየተባለ የሚጠራው ረሃብ የከብት እልቂት ያስከተለው ነበር። በሬ ያለቀበት ገበሬ ማረስ ተሳነው፤ ብዙዎች ሞቱ፤ የተረፉትም ቀያቸውን ጥለው ተሰደዱ። በአንድ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ "ከዚያ ወዲያ አይታወቅም" የሚባለው ቦታ ብዙ ጊዜ እዚህ ዘመን ላይ ቢወድቅ አያስገርምም።

ሰነዶቹም ቢሆኑ ሁሉም በቦታቸው አልቆዩም። አጼ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አሰባስበው መቅደላ ካከማቿቸው መጻሕፍት መካከል ወደ 350 የሚጠጉት በ1860 ዓመተ ምህረት በእንግሊዝ ጦር ተዘርፈው ለንደን ገብተዋል። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በአንዳንዶቹ ህዳግ ላይ የጎንደር አካባቢ የመሬት ሰነዶች አብረው ሄደዋል። በአገር ውስጥ የቀሩትን ለመታደግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት የተቀረጹ ሲሆን፣ ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታም ይገኛል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን የመጣው ከእሳት ወይም ከዘረፋ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓመተ ምህረት የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ የርስት ክርክር አበቃ። አዋጁ ጭሰኛውን ከባለመሬቱ ነጻ አውጥቷል። በዚያው ልክ ግን ትውልድ መቁጠር መሬት የማያስገኝ ዕውቀት ሆነ። አባት ለልጁ አሥር ትውልድ የሚያስጠናበት ምክንያት ቀረ። ከአዋጁ በፊት በጉልምስና ዕድሜያቸው ርስት የተከራከሩ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው።

ታዲያ የአብነቱ ነዋሪ ከየት ይጀምር? መንገዱ የሚጀምረው ከራሱ ሰፈር ነው። በ1950ዎቹ የተወለደ ሰው አባቱ በ1920ዎቹ፣ አያቱ በ1890ዎቹ፣ ቅድመ አያቱ ደግሞ በ1860ዎቹ ገደማ ተወልደዋል ብሎ ማስላት ይቻላል። ስለዚህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ገበሬ ከእርሱ የሚርቁት ሦስት እርምጃ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ የእድር መዝገብ ነው። እድር የአባሉን ስም ብቻ ሳይሆን ሲሞቱበት የሚረዳባቸውን ቤተሰቦች ጭምር ይመዘግባል። ብዙ እድሮች የአባሉና የባለቤቱ ወላጆች በገጠር ቢሞቱም መርዶ ሲነገር ድንኳን ተክለው የተወሰነውን ገንዘብ ይከፍላሉ። በዚህ ምክንያት አዲስ አበባን አይተው የማያውቁ ገበሬ ሞታቸው በአብነት የእድር ደብተር ላይ ከነቀኑ ሰፍሮ ሊገኝ ይችላል። የከተማው ነዋሪ ከዚህ የተሻለ የቀብር መዝገብ የለውም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የፍርድ ቤትና የውል ሰነድ ነው። በ1952 ዓመተ ምህረት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ እጅ የሚጻፍና የቃል ኑዛዜ ብሎ ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ ይኖርበታል። የቤት ውርስ የተካሄደበት ቤተሰብ የወራሽነት ማስረጃ ሲያወጣ የሟቹን ወራሾች በስም አስመዝግቧል። በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ማስረጃ የተረሱ አክስትና አጎቶችን ስም ሊያወጣ ይችላል።

ሦስተኛው እርምጃ ወደ ትውልድ ቀዬ መመለስ ነው። እዚያ የሚጠየቁት የዘመዱ ዓለማዊና የክርስትና ስም፣ የተቀበሩበት ደብርና የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ዋና አባት ነው። እነዚህ ከታወቁ በኋላ የደብሩን አለቃ አስፈቅዶ የብራናውን ህዳግ ማየት ትርጉም ይኖረዋል። ስም ሳይዙ ብራና ማገላበጥ ግን ልፋት ብቻ ነው።

ከ2000 ዓመተ ምህረት ወዲህ በልደታ በተካሄደው መልሶ ማልማት የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ተለያዩ የመዲናዋ አካባቢዎች ሄደዋል። ሰፈር ሲበተን እድርም ይበተናል፤ የእድሩ ጸሐፊ ሲያርፍ ደብተሩ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ይጠፋል። የልደትና የሞት ምዝገባ በ2004 ዓመተ ምህረት በአዋጅ ተደንግጎ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። መጪው ትውልድ ወላጆቹን በመንግሥት መዝገብ ያገኛል። ምዝገባው ወደ ኋላ ተመልሶ ቅድመ አያቶችን አይመዘግብም።

ስለዚህ የድሮውን የእድር ደብተር ማስቀመጥና ፎቶ ማንሳት፣ አረጋውያንን ዛሬውኑ ጠይቆ የዓለማዊና የክርስትና ስማቸውን መጻፍ የየቤተሰቡ ሥራ ነው። ብራናው በዕቃ ቤት ተጠብቆ ሊቆይ ይችል ይሆናል። በብራናው ላይ የተጻፈው ስም የማን አያት እንደሆነ የሚያውቁት አዛውንት ግን ብዙ ጊዜ የላቸውም።