የምግብ ተረፈ ምርትን በትምህርት ቤት ወደ ጽዳት ፈሳሽ መለወጥ፦ ለመምህራንና ለወላጆች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በዲማና በአካባቢዋ የሚኖረው ኅብረተሰብ በእጁ በሚገኝ ነገር ማጽዳትን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ጋን በግራዋ ይታጠባል፤ ጋቢ በእንዶድ ይነጻል፤ ድስት በአመድ ይፈተጋል። የተማሪዎች ምገባ በሚካሄድባቸው ትምህርት ቤቶች የሚወጣው ልጣጭም እንዲሁ ሊያገለግል ይችላል። ተለይቶ ካልተያዘ ግን በግቢው በስብሶ ዝንብ ይሰበስባል።

አዘገጃጀት

1. የብርቱካን፣ የሎሚ ወይም የአትክልት ልጣጭ ታጥቦ ይከተፋል። የበሰለ ምግብ፣ ሥጋና ዘይት አይገቡበትም።
2. 100 ግራም ስኳር ወይም ሞላሰስ፣ 300 ግራም ልጣጭና 1 ሊትር ውኃ 2 ሊትር በሚይዝ አፈ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ይደባለቃሉ። ጋዝ ስለሚፈጠር በጠርሙስ ብርጭቆ ማዘጋጀት አደገኛ ነው።
3. በመጀመሪያው ወር ክዳኑ በየቀኑ ተከፍቶ ጋዙ ይወጣል።
4. ከ3 ወር በኋላ ይጠለላል። በመስከረም መጨረሻ የተጀመረው በታኅሣሥ መጨረሻ ይደርሳል፤ በደጋ ብርድ ግን ሊዘገይ ይችላል። የኮምጣጤ ሽታ ካለው ደርሷል፤ የበሰበሰ ነገር ከሸተተ ይደፋል።

ጠጅ ሲቆይ እንደሚኮመጥጥ ሁሉ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱም ውኃ በመስታወትና በመታጠቢያ ገንዳ ላይ የሚተወውን ነጭ ዝቃጭ ያሟሟል። አንድ እጅ ፈሳሽ በአሥር እጅ ውኃ ቀጥኖ ለጠረጴዛና ለመስኮት መወልወያ ይውላል። ዝቃጩ ለብስባሽ ማዳበሪያ ይሆናል።

ጥንቃቄ

• ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይደባለቅ። ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል።
• እጅ በሳሙና መታጠብን አይተካም፤ መጸዳጃ ቤትንም ከተሕዋስያን አያጸዳም።
• እምነ በረድንና ሲሚንቶን ስለሚበላ በእነዚህ ላይ አይጠቀሙበት።
• ዕቃው ላይ «አይጠጣም» የሚል ጽሑፍና የተዘጋጀበት ቀን ይለጠፍ፤ ሕፃናት በማይደርሱበት ይቀመጥ።

ተፈጥሯዊ መሆን ብቻውን ከጉዳት ነጻ አያደርግም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ አካባቢ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማግኘታቸው ለዚህ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ምንጊዜም በመምህር ክትትል ይከናወን። ለተጨማሪ ማብራሪያ የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ።