መከልከል ያለበት ጥሬው እንጂ ሥጋው አይደለም
የሥጋ ድቡልቡል ከአትክልት ጋር፣ ለቤተሰብ እራት

 

በቅርቡ አንዲት እናት የ6 ዓመት ልጇን ይዛ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣች። የሐኪም ማዘዣው የኮሶ ትል መድኃኒት ነበር። «ጥሬ ሥጋ ይበላል?» ብዬ ስጠይቃት «እሱ እንኳ አይበላም፤ አባቱ ቁርጥ ሲበላ ግን ያጎርሰዋል» አለችኝ። ቀጥላም «እንግዲያው ሥጋ ልከልክለው?» ስትል ጠየቀች። ይህን ጥያቄ ብዙ እናቶች ስለሚያነሱት መልሱን ለሁላችሁም ላካፍል።

ሥጋ አትከልክሉ፤ ጥሬውን ግን ከልክሉ። የኮሶ ትል ዕጭ በከብት ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል። ሥጋውን በጥሬው ስንበላ አንጀታችን ውስጥ ያድግና በርካታ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ሚጥሚጣም፣ አዋዜም፣ ሎሚም አይገድሉትም፤ የሚገድለው እሳት ነው። ነፍሰ ጡር እናትማ ጽንሷን ሊጎዳ የሚችል ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተሕዋስ በጥሬ ሥጋ ሊተላለፍባት ስለሚችል የበለጠ መጠንቀቅ ይገባታል።

በሌላ በኩል ሥጋ የደም ማነስን ለመከላከል የሚረዳ የብረት ማዕድን አለው። ስለዚህ ትንሽ ሥጋ በደንብ በስሎ ለመላው ቤተሰብ የሚዳረስበትን ምግብ እንምረጥ። በእስያ የሚኖሩ ሙስሊሞች በዚህ የታወቁ ናቸው። ቱርኮች ኮፍቴ፣ ሕንዶችና ፓኪስታኖች ኮፍታ፣ ኢንዶኔዥያውያን ደግሞ በመረቅ የሚቀርብ ባክሶ አላቸው። ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም፤ የበቆሎ ዱቄት ድቡልቡል ከሽፈራው (ሃለኮ) ጋር ተቀቅሎ የሚበላው ኩርኩፋ የአካባቢያችን ምግብ ነው።

ለ6 ሰው የሚያስፈልጉ ነገሮች

ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የቡላ ዱቄት፣ 2 ሽንኩርት፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ 2 ቲማቲም፣ 2 ካሮት፣ ሩብ ጥቅል ጎመን፣ 2 ቃሪያ፣ አንድ እፍኝ የሽፈራው ቅጠል፣ ግማሽ ሎሚ፣ ዘይትና ጨው።

ሥጋው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ይሁን፤ መፍጫውም ሐላል ያልሆነ ሥጋ ያልተፈጨበት መሆኑን ጠይቁ። ካልሆነ እቤት በቢላዋ መክተፍ ይቻላል። ሥጋ ካልተገኘ አጥንቱ በጥንቃቄ የወጣለት የጫሞ ዓሣ ይተካዋል፤ ዓሣ ማረድ አያስፈልገውም።

አሠራር

1. የሽፈራውን ቅጠል አጥቦ 15 ደቂቃ ያህል መቀቀል።
2. ሥጋውን ከቡላው፣ ከአንዱ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ግማሽ እንዲሁም ከጥቂት ጨው ጋር ማሸት። በትንሽ ሎሚ መጠን 24 ድቡልቡል መሥራት። ከዚያም እጅን፣ መክተፊያውንና ቢላዋውን በሳሙና መታጠብ።
3. የቀረውን ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በጥቂት ዘይት ማቁላላት፤ ቲማቲም ጨምሮ 3 ብርጭቆ ውኃ ማፍላት።
4. ድቡልቡሉን አንድ በአንድ ከትቶ፣ ከድኖ በመካከለኛ እሳት 20 ደቂቃ ማብሰል። ካሮቱ በ10ኛው፣ ጎመኑና ሽፈራው በ15ኛው ደቂቃ ይግቡ።
5. ሲወጣ ቃሪያና ሎሚ መጨመር። በእንጀራ፣ በሩዝ ወይም በዳቦ ይቀርባል።

ልብ በሉ

ሥጋ ሲፈጭ በላዩ ላይ የነበረው ጀርም ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መሐሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ ትልቁን ድቡልቡል ቆርሳችሁ እዩ፤ ቀይ ሆኖ ከታየ ወደ እሳቱ ይመለስ።

በእስያ አሠራር የሚጨመረው የሶያ ሶስ ጨው ይበዛበታል። አንድ የሾርባ ማንኪያው 900 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ሲኖረው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ የሚመክረው በቀን ከ2,000 ሚሊግራም በታች ነው። በተጨማሪም በአንዳንዱ የሶያ ሶስ ውስጥ አልኮል ይገኛል። ዝንጅብልና ሎሚው ይበቃናል።

የሎሚውና የቃሪያው ቫይታሚን ሲ ሰውነታችን ከአትክልት የሚያገኘውን ብረት በደንብ እንዲወስድ ያግዛል። ሻይና ቡና ግን ይህንኑ ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ ከእራት በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ።

የአርባ ምንጭ ሙቀት ምግብ ቶሎ ያበላሻል። የተረፈው ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ አይደር፤ ከፍሪጅ ሲወጣም እስኪንተከተክ ይሞቅ።

ያቺን እናት «አባቱ ማጉረሱን አይተው፤ የሚያጎርሰው ግን የበሰለውን ይሁን» ብያት ሸኘኋት። ልጆቻችን ከአላህ የተሰጡን አማና ናቸው። ቢስሚላህ ብለን ስናጎርሳቸው፣ የምናጎርሳቸውም የማይጎዳቸው ይሁን።

አላህ ጤናና ዓፊያ ይስጠን። ወሰላሙ ዓለይኩም።