ጡብን የሚበላው እሳት ብቻ አይደለም

ብረት በ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ሲቀልጥ እቶኑ ራሱ ስለ ምን አይቀልጥም? ብዙዎቻችን «እሳት በሚችል ጡብ ስለ ተሠራ ነው» ብለን እናልፋለን። ይህ ግን የመልሱ እኩሌታ ነው።

የሲሊካ ጡብም ይህን ሙቀት ይችላል። ነገር ግን ፎስፎረስን ከብረቱ ለማውጣት ኖራ ሲጨመር፥ ኖራው ቤዝ፥ ሲሊካው አሲድ ነውና ተዋሕደው ግድግዳው ይበላል። ፎስፎረስ ያልወጣለት አረብ ብረት ደግሞ ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ብዙው የአውሮፓ የብረት ማዕድን ለአረብ ብረት ሥራ የማይረባ ሆኖ ቈየ።

ቋጠሮውን የፈታው ሲድኒ ጊልክሪስት ቶማስ የተባለ፥ ቀን በለንደን ፍርድ ቤት ጸሐፊ፥ ማታ የኬሚስትሪ ተማሪ የነበረ ወጣት ነው። (ከመዝገብ ጀርባ ለተቀመጡ ወንድሞቻችን ይህን ሳንነግር ማለፍ አልወደድንም።) ከኬሚስቱ ዘመዱ ከፐርሲ ጊልክሪስት ጋር በዌልስ ደጋግሞ ሞከረ፤ በ1879 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በሚድልስብሮ ከተማ እቶኑን ኖራና ማግኔዥያ ባለበት በዶሎማይት ጡብ ከውስጥ ለብጦ ፎስፎረሱን አወጣ። በ1885 ሲሞት ዕድሜው ገና 34 ነበር።

ቀጥሎ የማግኔዥያ ጡብ ተራ ደረሰ። ማግኔዥያ ጠባዩ ከኖራ ወገን ሲሆን፥ የሚቀልጠው በ2,800 ዲግሪ ግድም ነው። ዛሬ ከካርቦን ጋር ተደባልቆ የአረብ ብረት እቶኖችን ይለብጣል፤ በሲሚንቶ ፋብሪካም፥ ተሽከርካሪው እቶን 1,450 ዲግሪ ያህል በሚግልበት ክፍል ይገባል።

የሚያስገርመን፥ ይህን ሁሉ እሳት የሚችለው ጡብ እርጥበትን አለመቻሉ ነው፤ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፥ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ በደረቅ መጋዘን ያኖሩታል፤ እቶኑንም ሲለኩሱ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ይጨምራሉ።