ውሃ የማያጠፋው እሳት
(ስለ ኬሚካል ለውጥና ስለ አቶም ኃይል በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

ማለዳ ወደ ሥራችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ቡና ሲፈላ ምድጃውን ተመልክታችሁ ይሆናል። ከሰሉ ቀልቶ ይነድዳል፤ ሙቀቱን ይሰጣል፤ በመጨረሻም ጥቂት ዐመድ ይቀራል። ይህን ያየ ሰው ከሰሉ ጠፋ ይላል። በእውነቱ ግን አንዳች የጠፋ ነገር የለም። ከሰል አብዛኛው ክፍሉ ካርቦን ነው፤ በሚነድበት ጊዜ በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋራ ይዋሐድና በዓይን የማይታይ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። 12 ግራም ካርቦን ከ32 ግራም ኦክሲጅን ጋራ ሲዋሐድ 44 ግራም ጋዝ ይገኛል፤ ሚዛኑ አይበልጥም፤ አያንስም። ይህን ሕግ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሚዛን እየመረመረ ያስረዳው ፈረንሳዊው ላቭዋዚዬ ነው።

እንዲህ ያለው ለውጥ የኬሚካል ለውጥ ይባላል። የብረት መዛግ፣ የጠጅ መብላላት፣ የምግብ በሆድ ውስጥ መፈጨት ሁሉ የዚሁ ወገን ነው። አቶሞች እርስ በርሳቸው ይጣመራሉ፤ ይለያያሉ፤ ነገር ግን ካርቦኑ ካርቦንነቱን፣ ብረቱም ብረትነቱን አይተውም። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። አቶም በመካከሉ እምብርት አለው፤ በእምብርቱም ውስጥ ፕሮቶንና ኒውትሮን ይገኛሉ። በዙሪያው ደግሞ ኤሌክትሮኖች አሉ። በኬሚካል ለውጥ ጊዜ የሚነካው በውጪ ያለው ኤሌክትሮን ብቻ ነው። አቶሙ ልብሱን ይለውጣል እንጂ ልቡን አይለውጥም። ስለዚህም ይህን ዓይነቱን ለውጥ ሰው ሊያዝበት ይችላል። እሳቱን በውሃ ያጠፋዋል፤ ምግቡን በብርድ አቆይቶ ከመበላሸት ያዘገየዋል፤ ብረቱን ቀለም ቀብቶ ከዝገት ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት ለውጥ እንለፍ። (ከዚህ ወዲያ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1896 ሄንሪ ቤክሬል የተባለው ሊቅ በፓሪስ ከተማ ዩራኒዩም ያለበትን ጨው በጥቁር ወረቀት ከተጠቀለለ የፎቶግራፍ ሰሌዳ አጠገብ በጨለማ አስቀምጦ ነበር። ሰሌዳውን ባጠበው ጊዜ ብርሃን እንደ ነካው ሆኖ አገኘው። ከዩራኒዩሙ የማይታይ ጨረር ወጥቶ ወረቀቱን አልፎ ነበር። ቀጥሎ ማሪ ኩሪ ነገሩን መረመረች። ዩራኒዩሙ ከማናቸውም ነገር ጋራ ቢዋሐድ የጨረሩ ብርታት የሚለካው በውስጡ ባለው የዩራኒዩም ብዛት ብቻ መሆኑን አረጋገጠች። እንግዲህ ጨረሩ የሚመጣው ከአቶሙ ልብስ ሳይሆን ከራሱ ከአቶሙ ነው ማለት ነው። ይህንንም ጠባይ በ1898 ራዲዮአክቲቪቲ ብላ ሰየመችው።

የዚህን ጠባይ ክብደት በግልጥ የሚያሳየን በ1987 በብራዚል አገር በጎያኒያ ከተማ የደረሰው አደጋ ነው። በከተማው የነበረ አንድ የግል የጨረር ሕክምና ቤት ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር አንዱን መሣሪያ በአሮጌው ቤት ትቶት ሄደ፤ ለሚቆጣጠረውም መሥሪያ ቤት አላስታወቀም። በሴፕቴምበር 13 ቀን ሁለት ሰዎች ወደ ባዶው ቤት ገብተው፣ ዋጋ ያለው ብረት መስሏቸው፣ የመሣሪያውን ዋና ክፍል ነቅለው ወሰዱ፤ በኋላም ለአንድ ቁራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። በውስጡ የነበረው ሴዚየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ነው፤ ክብደቱም 100 ግራም አይሞላም ነበር።

ነጋዴው ሌሊት ሰማያዊ ብርሃን ሲሰጥ ባየ ጊዜ የከበረ ነገር መሰለውና ወደ ቤቱ አስገባው። ዘመዶቹንና ወዳጆቹን ጠርቶ አሳያቸው፤ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ቁራጭም እያነሣ ሰጣቸው። አንዳንዶቹ እንደ ጌጥ ገላቸውን ተቀቡት። አንዲት የስድስት ዓመት ሕፃን በነካችበት እጇ ምግብ በላች። ጥቂት ቀን ሳይቆይ የቤቱ ሰዎች ያስመልሳቸውና ያስቀምጣቸው ጀመር። የነጋዴው ባለቤት ነገሩን ጠርጥረው፣ በሴፕቴምበር 28 ቀን ያንን ዕቃ በከረጢት አስይዘው በአውቶቡስ ወደ ጤና ባለሥልጣኖች ወሰዱት። በማግስቱም አንድ የፊዚክስ ሊቅ በመሣሪያ ለክቶ ምንነቱን አስታወቀ። ከ110 ሺሕ በላይ የከተማው ሰዎች ተመረመሩ፤ 249ኙ በሴዚየሙ ተበክለው ተገኙ፤ አራቱ ሞቱ። ያቺ ሕፃን ከአራቱ አንዷ ናት። በጥርጣሬያቸው ብዙ ሰው ያተረፉት የነጋዴው ባለቤትም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህ ጨው በዚህ ሁሉ ሰው ላይ ስለ ምን ሠለጠነ? ሁለት ጠባይ ስላለው ነው።

በኬሚካል ጠባዩ ሴዚየም የሶዲየምና የፖታሲየም ዘመድ ነው። ክሎራይዱም እንደ ገበታ ጨው በውሃ ይሟሟል፤ ላብ ካለበት እጅ ይጣበቃል፤ ወደ አፈር ይሰርጋል፤ ሰውነታችንም ፖታሲየም እየመሰለው ይቀበለዋል። በእምብርቱ ጠባይ ግን ሌላ ነው። ሴዚየም 137 የሚባለው አቶም 55 ፕሮቶንና 82 ኒውትሮን አለው፤ በዚህም ስብስብ ጸንቶ ሊኖር አይችልም። አንዱ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶንነት ይለወጥና ኤሌክትሮን ይወረውራል፤ ሴዚየም የነበረው አቶም ባሪየም ይሆናል፤ ከዚህም ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ ጋማ የሚባለው ኃይለኛ ጨረር ይወጣል።

ይህን ለውጥ የሚያስቆመው ኬሚካል የለም። ጨዉን ብናቃጥለው ጢሱ ጨረር ይሰጣል፤ ብናጥበው እጣቢው ይሰጣል፤ ብንቀብረውም በተቀበረበት ይሰጣል። የጎያኒያ ሐኪሞች ለ46 ሰዎች የፕሩሲያ ሰማያዊ የሚባለውን ቀለም እንደ መድኃኒት ሰጥተዋቸው ነበር። ይህ ቀለም በአንጀት ውስጥ ሴዚየሙን ይዞ ከሰገራ ጋራ ያስወጣዋል። መድኃኒቱ ጠቅሟል፤ ሥራው ግን ጠላትን ከቤት ማስወጣት እንጂ መግደል አልነበረም። ሴዚየሙን የሚጨርሰው ዘመን ብቻ ነው። በ30 ዓመት ገደማ ግማሹ ያልቃል፤ በሚቀጥለው 30 ዓመት ከቀረው ደግሞ ግማሹ ያልቃል። በ1987 ከነበረው በ2017 ግማሹ ገደማ ገና ነበረ፤ ከሺሕ አንድ እጅ ገደማ ለመድረስ 300 ዓመት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የተበከሉት ቤቶች ፈርሰው፣ አፈሩም ተገፍፎ፣ ሁሉም ተለይቶ በጥበቃ እንዲቀመጥ ተደረገ።

ሴዚየም 137 ከወዴት ይመጣል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የሚወለደው ከዩራኒዩም መሰንጠቅ ነው። በ1938 መጨረሻ ጀርመናውያኑ ሃንና ሽትራስማን ኒውትሮን የመታው ዩራኒዩም ወደ ቀላል አቶሞች እንደሚለወጥ አገኙ፤ ሊዘ ማይትነርና ፍሪሽም እምብርቱ ለሁለት መሰንጠቁን አስረዱ። አንዱ እምብርት ሲሰነጠቅ ኃይልና አዲስ ኒውትሮኖች ይወጣሉ፤ እነዚያም ሌሎቹን ይሰነጥቃሉ፤ እንዲህ እያለ ይቀጣጠላል። አንድ ኪሎ ዩራኒዩም 235 ፈጽሞ ቢሰነጠቅ ከሁለት ሺሕ ቶን በላይ ከሰል ሲነድ የሚሰጠውን ሙቀት ይሰጣል። ይህ መቀጣጠል በ1942 በቺካጎ ከተማ በመጠን ተይዞ ተሠራ፤ በ1945 ግን ያለ መጠን ተለቅቆ ሂሮሺማን አነደደ። በመጠን የተያዘው የኤሌክትሪክ ኃይል ይሰጣል፤ ከእሳቱ ግን እንደ ሴዚየም ያለ ዐመድ ይቀራል። የከሰሉን ዐመድ በማግስቱ ጠርገን እንጥለዋለን፤ የዚህኛውን ዐመድ የልጅ ልጆቻችን ሊጠብቁት ይገባል።

ይህን ስንል ጨረር ሁሉ ጠላት ነው ማለታችን አይደለም። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕመምተኞች ለብዙ ዓመታት በኮባልት 60 ጨረር ታክመዋል። ከብቶችን በገንዲ የሚፈጀው የቆላ ዝንብ እንዳይራባም በአገራችን ወንዶቹ ዝንቦች በጨረር መክነው ተለቅቀዋል። የጎያኒያውም መሣሪያ የተሠራው ለመፈወስ ነበር።

እንግዲህ ጥፋቱ ከየት ተጀመረ? ከዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። ለቢሮ ሰው በሚገባው ቋንቋ እንናገር ቢባል፣ አንድ ዕቃ ያለ ርክክብ ቀረ፤ ቦታው ሲለወጥ መዝገቡ አልተለወጠም። ከሰል የረሳ ሰው ተመልሶ ቢመጣ ዐመድ ያገኛል፤ ሴዚየም የረሳ ሰው ግን ሲመለስ ያንኑ እሳት ያገኛል። በእጃችሁ የሆስፒታል፣ የፋብሪካ ወይም የመጋዘን ንብረት መዝገብ ያለ እንደ ሆነ፣ በቢጫ ላይ ሦስት ክንፍ ያለውን የጨረር ምልክት የያዘ ዕቃ ያለ ፊርማና ያለ ተረካቢ ከስፍራው እንዳይነሣ፣ ቤቱም ሲለቀቅ ወደ ኋላ እንዳይቀር ተጠንቀቁ። ምንነቱ ያልታወቀ ከባድ የብረት ዕቃ ወድቆ ያገኘ ሰውም አይክፈተው፤ ከዚያ ርቆ ለሚመለከተው ክፍል ያስታውቅ። ውሃ የማያጠፋውን እሳት የሚይዘው ጥንቁቅ መዝገብና የነቃ ጠባቂ ነው።